የቦአሄን የኋላ በር

ጋና አገር፣ ኩማሲ ከተማ፣ ሱዋሜ ሰፈር ውስጥ የመኪና ቀለም የሚቀባ ሞልቷል፤ አሮጌውን ቀለም በወጉ የሚያነሳ ግን ንሲያ ብቻ ነው። ከፊት ለፊቱ ብየዳ ስለምሠራ ስለ ሥራው እመሰክራለሁ፤ ስለ ጠባዩ አልመሰክርም። በር ሲያመጡለት መጀመሪያ ከዚህ በፊት የቀባውን ሰው ይሰድባል። ከዚያ የቀለም ማስለቀቂያውን ይለቀልቅና ቀለሙ እስኪያብጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሲያብጥ እንደ ተቀቀለ ድንች ይልጠዋል።

ንሲያና የሚኒባስ ሾፌሩ ቦአሄን ፉፉ የሚባለውን ገንፎ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ወዳጆች ነበሩ። የቦአሄን እናት ስትሞት ንሲያ ከቀብር ቀረ። እኛ ዘንድ ከሠርግ የቀረ ይቅር ይባላል፤ ከቀብር የቀረ ግን አለቀለት። ቦአሄን በአፉ ምንም አልተናገረም። በሚነዳው ሚኒባስ የኋላ በር ላይ «ጓደኛን ፍሩ» ብሎ በቀይ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማውን የዞረው ይህንኑ ይዞ ነው። ለማን እንደተጻፈ የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም። ንሲያ ሚኒባስ መሳፈር ትቶ በእግሩ መሄድ የጀመረው ያኔ ነው።

ዘንድሮ ቦአሄን ሾፌርነት በቃኝ አለና ለሚኒባሱ ገዢ አገኘ። የኋላ በሩን ነቅሎ፣ ተሸክሞ ንሲያ ዘንድ መጣ።

«ጽሑፉ ይጥፋልኝ። ገዢው አልወደደውም።»

«እኔም አልወደድኩትም» አለ ንሲያ።

ቀለሙ ተነሳ። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ንሲያ በጣቱ ቢዳስሰው ፊደሎቹ ብረቱ ውስጥ ገብተዋል።

«በምንድን ነው የጻፍከው?»

«መጀመሪያ በሚስማር ጫርኩት። ቀለሙን ኋላ ነው የቀባሁበት። ዝናብ እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የቀብሩ ቀን ወባ ጥሎኝ ነበር እኮ!»

«እና ሰው መላክ ያቅትሃል?»

«የምልከው አንተን ነበራ!»

እኔ ለካ ብየዳዬን አቁሜ ስሰማ ኖሯል። አሳዘኑኝ፤ ደግሞም አናደዱኝ። ይህን ለመነጋገር አንድ መንገድ ማቋረጥ ይበቃቸው ነበር።

ንሲያ ለቦአሄን የብርጭቆ ወረቀት ወረወረለት። «በስቱኮ አልደፍንልህም። የጫረ ይፈግፍግ!»

ቦአሄን በየጠዋቱ እየመጣ ይፈገፍግ ጀመር። መጀመሪያ በኳስ ተጣሉ። ኋላ ንሲያ የቦአሄን እጅ መቁሰሉን አይቶ ጓንቱን አውልቆ ሰጠው፤ የዚያኑ ቀን ፉፉ በአንድ ሳህን መጣ። እነሱ እየበሉ እኔ ዓይኔን ስጠርግ ቆየሁ፤ የብየዳው ጭስ ነው አልልም።

በመጨረሻ ገዢው እየጮኸ መጣ። በሩ ልስልስ ብሏል፤ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ለእኔ እንኳ ይታየኛል።

«አልቋል እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ንሲያ መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። «እዚህ ጋ ፊደሉ ገና ይታየኛል።»

ገዢው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ይታይሃል?»

«ብየዳ ዓይኔን ጎድቶታል» አልኩት።

ቦአሄን ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳሰሰው።

«እውነቱን ነው፣ አልጠፋም» አለ። «ነገ እመጣለሁ።»