ባዶው ዳርቻ

ኤዱቪጌስ ታፒያ በቫልፓራይሶ ወደብ የአጥማጆችን ጀልባ ገመድ በሚጠቀልል ማሽን፣ በዊንች፣ ጎትታ የምታወጣ ሴት ናት። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ሲሆን ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው እዚያው ነው። ጀልባ ሲመጣ የሽቦ ገመዱን ታያይዛለች፣ ማንሻውን ትጫናለች፤ ጀልባው ግራሶ በተቀቡ ግንዶች ላይ እየተንሸራተተ አሸዋው ላይ ይወጣል። ሠላሳ አንድ ጀልባ፣ በየቀኑ።

የወደቡ መልሶ ማልማት ዕቅድ በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ አስተያየት በቀረበ ዕለት፣ በተለጠፈው ካርታ ላይ ግን ዊንቹም የጀልባ ማውጫውም አልነበሩም። በቦታቸው መናፈሻ ተሥሎ፣ ከጎኑ "አገልግሎት የማይሰጥ ባዶ ቦታ" የሚል ተጽፏል።

የአጥማጆቹ ሊቀመንበር ዶን ኦሬስቴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ዱቪ፣ አገልግሎት አትሰጪም ተባልሽ እኮ።"

"ነገ ጀልባህን በጥርስህ ጎትተህ አውጣት፤ ያኔ እንተያያለን።"

ተራዋ ሲደርስ ዕቅዱን የምታስረዳውን ወጣት ኢንጂነር ሃቪዬራን ጠየቀቻት። "ልጄ፣ ባዶ መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

"ሄደን አይተናል፣ እማማ። ፎቶም አለን።"

ፎቶው ግድግዳው ላይ በራ። ንጹሕ አሸዋ፣ አንድም ጀልባ የለም፤ ዊንቹም በሸራ ተሸፍኗል። መሐሉ ላይ አንድ ውሻ ተኝቷል።

"የኦሬስቴ ውሻ ነው" አለ አንዱ ከኋላ። "ባሕር ላይ ስለሚያጥወለውለው ቀርቶ ነው።"

ኤዱቪጌስ ከፎቶው ጥግ ቀኑን አነበበችና ሳቋ አመለጣት። "የመጣችሁት በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን ነዋ! በዓመት አንዴ፣ ጀልባው ሁሉ አበባ አስሮ የቅዱሱን ምስል አጅቦ ባሕር የሚወጣበት ቀን። እኔም ፊተኛው ጀልባ ላይ እየዘፈንኩ ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኢንጂነሯ ፊቷ ቀላ። "ታዲያ ማንን እንጠይቅ ነበር?"

"እሱስ እውነትሽን ነው። ከውሻው በቀር ማንም አልነበረም።"

በማግስቱ ማለዳ ሃቪዬራ ሜትሯን ይዛ መጣች። ኤዱቪጌስ መጀመሪያ ግንድ አሸከመቻት፣ ቀጥላ ግራሶ አስቀባቻት፤ ልኬቱ የተጀመረው ሠላሳ አንዱም ጀልባ ከወጣ በኋላ ነው። ከውኃው እስከ ዊንቹ አርባ ሁለት ሜትር ሆነ።

ከወር በኋላ በጸደቀው ካርታ ላይ መናፈሻው ወደ አንድ አሮጌ መጋዘን ጎን ሸሽቷል፤ ዊንቹም ጀልባዎቹም በየቦታቸው አሉ። ኦሬስቴ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ቆጠረ።

"ሙሉ ናቸው። የኔዋ የትኛዋ ናት?"

"ውሻው አጠገቧ የተኛባት" አለች ኤዱቪጌስ።

እውነትም ውሻው ተሥሏል።