ምዕራፍ አሥራ ሰባትና ሠላሳው ስፒል

ጋሽ ሜትር ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ቅጽል ያወጡለት፣ ሲጨብጡት ዓይኑ ትከሻቸው ላይ ሲንከራተት የያዙት ሰዎች ናቸው። በልብስ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ ኖሯል፤ የቆረጠው ቢዘረጋ ምድርን ሁለቴ ዞሮ ለመጋረጃ ይተርፋል። የቆራጮች ኃላፊ ለመሆን ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት።

ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የቅዳሜ ትምህርት ገባ። ሌላውን ሁሉ አለፈ፤ የቀረው ሥነ ጽሑፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ ማለት አንድ ባለ ስምንት መቶ ገጽ ልቦለድ ነው። ሚስቱ ኮሌታ ላይ ስትጭነው ያለ ካውያ ይተኩሳል።

የክፍሉ ሰው የምዕራፎቹን ማጠቃለያ የያዘች ቀጭን መጽሐፍ ገዛ። ለእሱም ልጁ አመጣችለት።

«አባዬ፣ ያንን ጡብ ተወው። ይቺን አንብብና ተፈተን።»

«ልጄ፣ ይቺ እኮ የልኬት ወረቀት ናት። የልኬት ወረቀት ለብሶ ከቤት የሚወጣ አይተሻል?»

«ልትጥላት ነው ታዲያ?»

«ምን በወጣት! ያለ ልኬት ማን ይሰፋል?»

ምዕራፉን ያነባል፣ ይከድናል፣ የገባውን በሦስት መስመር ይጽፋል፣ ከዚያ ከማጠቃለያው ጋር ያስተያያል። ያልገጠመበት ገጽ ላይ ስፒል ሰክቶ ተመልሶ ያነባል። በወሩ ልቦለዱ ጃርት መሰለ፤ ሚስቱም መተኮሱን ተወች።

ምዕራፍ አሥራ ሰባት ላይ ማጠቃለያው «ባልቴቷ ስለበረዳት መስኮቱን ዘጋች» ይላል። ልቦለዱ ውስጥ ግን ቀትር ነው፤ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ደጃፍ ላይ ተዘርሯል። ሴትዮዋ የዘጋችው፣ በድብቅ የምትወደው ሰው አስከሬን በደጇ ሲያልፍ ጎረቤት እንባዋን እንዳያይባት ነው።

ፈተናው መጣ። መስኮቱን ለምን ዘጋች? ሦስት ነጥብ። ክፍሉ በሙሉ «በረዳት» ብሎ ጻፈ፤ ጋሽ ሜትር ብቻውን አስለቀሳት። ዜሮ። ማለፊያው ሃምሳ፣ ያገኘው አርባ ሰባት።

መምህሩ ጋሽ ሜትር ቤት ኮት ያሰፋ ነበርና እሑድ ሊለካ መጣ። ጋሽ ሜትር ሠላሳ ስፒል ሰካበት።

«መምህር፣ እንዳይንቀሳቀሱ። ብብትዎ ሥር አለ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እኔ የምለው፣ በዚያ ሐሩር ሴትዮዋ እንዴት በረዳት?»

«መልሱ እንደዚያ ነዋ የሚለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

መምህሩ ወደ በሩ ዞር ሊል ሲል ስፒሉ ጎኑን ወጋው። «ማጠቃለያው» አለ።

«ልቦለዱስ?»

«ጋሼ፣ አምስት ክፍል ነው የማስተምረው! ስምንት መቶ ገጽ መቼ ላንብብ?»

«አሁን» አለ ጋሽ ሜትር፤ ልጁንም ጠራት። «ነይ፣ አሥራ ሰባትን አንብቢልን። ጣትሽን ጠብቂ።»

ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበች። መምህሩ ሁለት እጁን እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ዘርግቶ ሰማ። አስከሬኑ በደጃፉ ሲያልፍ አፍንጫው ፈሰሰ፤ እጁን ማጠፍ ስለማይችል ጋሽ ሜትር በገበር ቁራጭ ጠረገለት።

«ሦስት ነጥብ ነበረች አይደል?» አለ መምህሩ።

«ነበረች።»

«ሃምሳ ሞላልዎ። «በረዳት» ያለውን የስልሳ ሰው ወረቀት ግን እንዴት አርሜ ልዘልቀው ነው?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። በሉ፣ ላውልቅልዎ።»

ልጅቷ ግን ገጹን ገልጣ አሥራ ስምንትን ጀምራለች። መምህሩ እጁን አላወረደም።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የግራው እጅጌ በደንብ የተለካ አልመሰለኝም።»