የተቃጠለ እንጨት ሽታ

አናጢው ሃያ ዓመት ሙሉ መጋዝ ፊት ሲቆም አንዲት ጥፍር እንኳን አልጎደለችበትም። ኩራቱም ለጉድ ነበር፤ ጣቱ የተቆረጠ ባለሙያ ባየ ቁጥር «ይሄ እንቅልፋም!» ይል ነበር። አይ ሰው! ነገ በራሱ ላይ የሚመጣውን መች ያውቅና።

ከሦስት ወር ወዲህ የተቃጠለ እንጨት ይሸተው ጀመር። አናጢ ይህ ሲሸተው ምን ያስባል? ምላጩ ዶልዱሟል ነዋ! ማሽኑን ያጠፋል፣ ምላጩን ፈትቶ ይሞርዳል፣ መልሶ ያስራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ሽታ። አዲስ ምላጭ ገዛ፤ አልሆን ሲለው ሄዶ ሻጩን «የማትረባ!» ብሎ ሰደበው። ምስኪን ሻጭ፣ ያለ ጥፋቱ!

አንድ እሁድ ከሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ሽታው መጣ። መጋዝ በሌለበት! ከዚያ በኋላ የሆነውን አያስታውስም። ወደ ራሱ ሲመለስ ልጁ ትከሻውን ይዛ ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ ስጠራህ ለምን ዝም ትላለህ? ፍጥጥ ብለህ በባዶ አፍህ ታላምጣለህ!»

«መቼ?»

«አሁን! ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆነህ ነበር።»

ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሟ ጭንቅላቱን ተመቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዓመታት በፊት የጣሪያ እንጨት ወድቆበት ራሱን ስቶ ነበር። የምርመራውን ውጤት አይታ «የሚጥል በሽታ ነው» ስትለው ሊጣላት ምንም አልቀረው።

«እኔ እኮ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም!»

«ሁሉም አይጥልም። መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ አለ፤ እንደ እርስዎ ደግሞ ከአንድ የአንጎል ክፍል ተነስቶ ለአንድ ሁለት ደቂቃ የሚያፈዝ አለ። ሽታው የእሱ መነሻ ነው። የእርስዎ ከዚያ አደጋ የመጣ ይመስለኛል። በአንጎል ኢንፌክሽን፣ በወሊድ ጊዜ ጉዳትም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። ክኒኑን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። እኔ እስክፈቅድ መጋዝ አጠገብ እንዳይደርሱ!»

መጋዝ ካልነካ ምን በልቶ ሊያድር? አሠሪው ቢሰማ በዚያው ቀን እንደሚያባርረው አልተጠራጠረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን መድኃኒቱንም አብሮ ደበቀ። ክኒኑን ሽንት ቤት ገብቶ ውጦ ማሽኑ ፊት ቆመ።

እሱ ጣውላውን ይገፋል፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከማዶ ሆኖ ይስባል፤ ምላጩ መሐላቸው ይሽከረከራል። እስከዚያች ሰዓት የፈራው ለገዛ ጣቶቹ ነበር። ያን ጠዋት ግን ዓይኑ ከማዶ ካሉት እጆች ላይ አረፈ። ድንገት ፈዝዞ ጣውላውን ወደ ራሱ ቢጎትት፣ የወጣቱ እጅ አብሮ ምላጩ ላይ ነው። ማሽኑን አጠፋ።

«ስማኝማ… ታምሜያለሁ። አንዳንዴ እፈዛለሁ፤ አላውቀውም።»

ወጣቱ ጣውላውን እንደያዘ መለሰ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። አራት ጊዜ አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«እንጀራህን እንዳላሳጣህ ብዬ ነዋ! ሦስት ወር ሙሉ እንጨቱን አይቼው አላውቅም። የማየው ዓይንህን ነው።»

ይህን ብሎ እጆቹን ከጣውላው ሊያነሳ ሞከረ፤ ጣቶቹ ግን በፍርሃት ደርቀው አልላቀቅ አሉት።