ፀሐይ የሞቀ ብልቃጥ

ከሮብ ገበያ እስከ ደብረ ኤልያስ፣ ስሜን ሲሰማ አጥር ዘሎ የማይጠፋ የዶሮ በሽታ የለም። መንደሩን ሙሉ ዶሮ አልባ የሚያደርገው ፈንግል እንኳ እኔን ሲያይ መንገድ ይለውጣል። ይህን ስል የማስተምራቸው ሠልጣኞች ይስቃሉ። ከልባቸው ያመኑኝ እማማ ጥሩዬ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም ጉድ ሠራኋቸው።

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዕለት አለቃዬ አቶ ደመላሽ የበረዶ ሳጥኑን አስታቀፉኝ። «የፈንግል ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ከሞቀ ይሞታል። ብልቃጡን ከበጠበጥህ በኋላ ወሬ የለም» አሉኝ። ከምክሩ ሁሉ ያልገባኝ «ወሬ የለም» የሚለው ብቻ ነው።

እማማ ጥሩዬ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ከምራታቸው ከየሺ ጋር ይኖራሉ። በሬም ላምም የላቸውም፤ ሀብታቸው ዶሮ ነው። ፈንግል ጎረቤት ቀበሌ ገባ ሲባል አስጠሩኝ።

ዶሮ የሚከተበው ጎህ ሲቀድ፣ ከቆጡ ሳይወርድ ነው። ከተለቀቀማ ማን ይይዘዋል። ብልቃጡን በጥብጬ የግቢው ካብ ላይ አስቀመጥኩ። ይኼኔ የሺ፣ «ዶክተር፣ ይኸ በሽታ ግን በምን በኩል ነው የሚገባ?» አለችኝ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ጠያቂ አግኝቼ ልለፍ?

አፉ የታሰረ ስልቻ አነሣሁ። «ቫይረሱ ላዩ ላይ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ እንዲህ እንደታሰረ ይመጣል፤ ካልተቆረጠ ሴሉ ውስጥ አይገባም። መቀስ ደግሞ የለውም። መቀሱ የዶሮዋ የራሷ ኢንዛይም ነው። ሌባው ደጅ ቆሞ፣ ባለቤቷ ተነሥታ ገመዱን ትቆርጥለታለች።»

«ወይ ጅልነቷ» አሉ እማማ ጥሩዬ።

«የክትባቱን ቫይረስ ፕሮቲን የሚቆርጠው ጉሮሮና አንጀት አካባቢ ያለው ኢንዛይም ብቻ ነው። ስለዚህ ርቆ አይሄድም፤ ዶሮዋን አስጠንቅቆ ይቀራል። ክፉውን ፈንግል ግን በየአካሏ ያለው ኢንዛይም ይቆርጥለታል። አንጎሏ ድረስ ይዘልቃል፤ አንገቷ የሚጠመዘዘው ለዚህ ነው።»

የስልቻውን ማሰሪያ በመቀስ ቆርጬ አሳየሁ። ተጨበጨበልኝ። አንድ ሰው ድገመው አለ፤ ደገምኩት።

ዞር ስል ፀሐይዋ ካቡ ላይ ወጥታለች፤ ብልቃጡ እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቋል። ሌላ አልያዝኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ተበላሸ» ማለት አቃተኝ። የሞተውን ክትባት በየዶሮው ዓይን ጠብ ጠብ አደረግሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዶሮዎቹ አለቁ። ባልደረባዬ ከዚያው ካርቶን የከተባቸው በማዶው ቀበሌ ደኅና ናቸው። አቶ ደመላሽ፣ «ብልቃጡ ውጭ ቆይቶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኧረ፣ ወዲያው ነው የጨረስኩት» አልኩ።

እማማ ጥሩዬ በበኩላቸው ጥፋተኛ አገኙ። የሺ በዚያ ሰሞን ከገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዝታ ነበር። «በሽታውን አቅፈሽ አመጣሽልኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልላኳትም።

ወራት ቆይቼ ሄድኩ። የሺ በር ላይ ቆማለች። «እማማ፣ ጥፋቱ የአውራ ዶሮው አይደለም። ወሬ ስቀድ ክትባቱን ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንተ ቀልደኛ፤ ምራቴን ከወቀሳ ልታወጣት ብለህ ነው። ደግ ሰው ነህ። ይልቅ ቁጭ በልና ምሳ ቅመስ።»

ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ አስቀድመህ ከትብ፤ ኢንዛይሙን ከዚያ በኋላ አስረዳ።

እኔ ግን ያን ቀን እውነቱን ደግሜ አልተናገርኩም። ደግ ተብዬ ምሳዬን በላሁ። እጄን ያስታጠበችኝ የሺ ነበረች።