በሦስት ይከፈላል

ጠርጣራ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራትም ይቅርታ ለመጠየቅም አይደለም። ጆሃንስበርግ ዳር፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ አሥራ ስድስት ዓመት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የቆመ ሰው ጠርጣራ ካልሆነ ወይ ሱቁ የለም፣ ወይ እሱ የለም። ደንበኛ መጥቶ «ሳውቦና ማይ ፍሬንድ» ብሎ ሰላም ሲለኝ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የማየው። ስለዚህ ባልንጀራዬ አንድ ቀን መጥቶ ትምህርት ጀመርኩ፣ በነፃ ነው፣ ምሳም አለው ሲለኝ ደስ አላለኝም።

«የምን ትምህርት?» አልኩት።

«የአሜሪካ ታሪክ። ስለ ሕገ መንግሥታቸው፣ ሕዝብ ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድር። ብራምፎንቴን፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሰፈር ማዕከል ከፍተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማንም ሰው ክፍት ነው።»

«አሜሪካ ሊወስዱህ ነው?»

«ኧረ የምን መውሰድ!»

«ታዲያ ሎኬሽን ውስጥ፣ ድሃ ሰፈር ተቀምጠህ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምን ያደርግልሃል? ዳቦ ትሸጥበታለህ?»

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ከአንድ ቀበሌ ነን፤ በአንድ ቀን ነው ከአገር የወጣነው፣ ማላዊ ላይ ተይዘን አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን ታስረናል። እዚህ ከደረስን በኋላ እሱ ጻካኔ የሚባል ሌላ ሎኬሽን ሄዶ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ቴምቢሳ ቀረሁ። ልጄ ስትወለድ ከእኔ ቀድሞ ያቀፋት እሱ ነው። እንግዲህ ያን ሰው ነው የጠረጠርኩት።

«ስምህን ጻፍክ?»

«አዎ፣ መዝገብ አለ።»

«ስልክህንስ?»

«ስልኬንም።»

«ፔፐርህን አሳየሃቸው?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ያለመጠየቃቸው ይበልጥ አሳሰበኝ። በዚህ ከተማ ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ የማይጠይቅህ ሰው ካለ ወይ አስቀድሞ ያውቅሃል ወይ ከፔፐርህ የበለጠ ነገር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን ልናገር። እድራችን እንደ አገር ቤቱ ድንኳንና ድስት የለውም። ሥራው አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት ሬሳውን ከሆስፒታል አውጥቶ፣ ወረቀቱን ጨርሶ፣ አገሩ ድረስ መሸኘት። እኛ ዘንድ ሰው በሕመም ብቻ አይሞትም። ዲፕስሉት ሰፈር ሱቁ ውስጥ በጥይት የተመታ፣ መንገድ ላይ የተመታ፣ ከነሱቁ የተቃጠለ ሰው ሸኝተናል። እድር የሌለው ሰው እዚህ ቢሞት እናቱ አፈሩን አታይም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም። እኔ የዚህ እድር ዳኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ወድጄዋለሁም። ሰው ሲያገኘኝ ዳኛ ብሎ ሲጠራኝ፣ ቀኑን ሙሉ ማይ ፍሬንድ ስባል የዋልኩት ሰውዬ ቀና እላለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልንጀራዬ ዕቃ ሊያመጣ ሲያልፍ ጎራ አለና ደብተሩን ፍሪጁ ላይ ረስቶ ሄደ። የሰው ደብተር አይነበብም፣ አውቃለሁ። አነበብኩት። በአማርኛ ነው የሚጽፈው። እንግሊዝኛው ለጽሑፍ አይበቃውም፣ የቤታችንን ቋንቋ ደግሞ እንጸልይበታለን እንጂ እሱም እኔም ጽፈንበት አናውቅም። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤

ራስን በራስ ማስተዳደር። (ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።)

ሥልጣን በሦስት ይከፈላል።

አንዱ በሌላው ላይ አያዝም።

ጊዜው ያለቀ ይወርዳል።

ከታች ደግሞ በሌላ ቀለም፤ የእኛ እድርስ?

ደነገጥኩ። ከእኛ አካባቢ ያልሆነ ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል ሊል ይችላል። ራስን በራስ ማስተዳደር የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ከመጽሐፍ የሚነበብ ነገር አይደለም። አገር ቤት የዞንና የክልል ጥያቄ በተነሳ ጊዜ ቃሉ በስልክ ጆሃንስበርግ ገባ፣ አብረን የምንዘምርባትን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ከፈላት፣ ቀኑ የተቆረጠ ሠርግ አስቀረ። በአንድ ቤት ተከራይተው የኖሩ ሰዎች ጄፒ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም መባባል ተዉ። ያኔ ሳይሰነጠቅ የተረፈው እድሩ ብቻ ነው። እድሩ ደግሞ ከሦስት ወረዳ በመጡ ሰዎች የተቋቋመ ነው። ሦስት! በሦስት ይከፈላል የሚለውን ሳነብ ሌላ ምን ላስብ? ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ደብተሩን ዘግቼ ቦታው መለስኩት።

ደብተሩን ሊወስድ ሲመጣ ምንም አልነገርኩትም። «እስቲ እኔም ልየው ትምህርትህን» ብቻ አልኩት። በደስታ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። ያን እጅ ሳስበው ዛሬም ይሰማኛል።

ቅዳሜ ታክሲ ይዘን ሄድን። በር ላይ ዘበኛው መዝገብ ሰጠኝ፤ የአያቴን ስም ጻፍኩ፣ ስልኬንም አንድ ቁጥር አሳስቼ። ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ ሳንድዊች በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ጡረታ የወጡ የሶዌቶ አስተማሪ፣ ዩኒፎርሙን ያላወለቀ ዚምባብዌያዊ ጥበቃ፣ ሁለት የሕግ ተማሪዎች፣ አንድ ኮንጓዊ ፓስተር። አሜሪካ ለእነዚህ ሳንድዊች የምታቀርበው ለጽድቅ ነው ብዬ እንዳምን ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም ነበር።

ፕሮፌሰሩ ሸምገል ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሲናገር ቀስ ይላል። የዚያን ቀን ትምህርት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው የጻፉት ሰዎች ባሪያ እንደነበራቸው የሚናገር ነበር። ጡረተኛዋ አስተማሪ «ታዲያ የውሸታሞችን ወረቀት ምን ብለን እናንብብ?» አሉት። ባልንጀራዬ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይተረጉምልኛል። ፕሮፌሰሩ «እኔ የእነዚያ ባሮች ዘር ነኝ፤ አያቶቼ ግን በዚያው ወረቀት ነው የሞገቷቸው። ቃላቸውን ይዘው ጽፋችኋል አይደል ወይ አሏቸው» ብሎ መለሰ። ጥሩ መልስ ነው። ጥሩ መልስ ያለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወዳጅህ ስለ ቀብር ማኅበራችሁ አጫውቶናል። መሪውን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?»

ባልንጀራዬን አየሁት። ነግሯቸዋል! የእድራችንን ነገር እዚህ አምጥቶ ዘርግፎታል።

«ዳኛ» አልኩ።

«ጀጅ፣ ፈራጅ ማለት ነው» ብሎ ባልንጀራዬ ተረጎመለት። ፕሮፌሰሩ ቅንድቡን አነሳ። «ለምን ዳኛ ተባለ?»

«ዳኛ ስለሆነ ነዋ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በክፋት የሳቀ አልነበረም፤ ይህን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ያየሁት ባልንጀራዬ ዓይኑ እስኪጠፋ ሲስቅ ነው። ሳንድዊቹን ሳልቀምስ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ «እንዴት ነው፣ ወደድከው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው» አልኩት። ቀንቼም ነበር። ለአሥራ ስድስት ዓመት ለእሱ የነገር ሁሉ መጠየቂያው እኔ ነበርኩ። አሁን ሌላ የሚጠይቀው ሰው አግኝቷል።

በሚቀጥለው ወር እሑድ ከጸሎት በኋላ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ስድሳ የምንሆን ሰዎች ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀመጥን። ባልንጀራዬ እጁን አወጣ። በሁለት ወረቀት ጽፎ መጥቷል። በሰው ፊት መናገር አይወድም።

«ወንድሞች፣ እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ። መተዳደሪያ ደንባችን ቢሻሻል ብዬ ነው...»

አላስጨረስኩትም። ስልኬን አወጣሁና ከደብተሩ ያነሳሁትን ፎቶ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ራስን በራስ ማስተዳደር። ሥልጣን በሦስት ይከፈላል። የእኛ እድርስ? ሌላ መናገር አላስፈለገኝም። ክፍሉ ራሱ ተናገረ፤ ሰዎች የየወረዳቸውን ሰው ዓይን መፈለግ ጀመሩ።

«ሥራው ነው የሚከፈለው!» ብሎ ባልንጀራዬ ጮኸ። «ሰዉ አይደለም! አንዱ ደንብ ያወጣል፣ አንዱ ያስፈጽማል፣ ሌላው ይዳኛል ማለት እኮ ነው። ወረዳ ማን አነሳ? ባንተ ሞት፣ ወረዳ የሚል የት አየህ?»

ገባኝ። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉን እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው ካለው አማርኛ ላይ ነው ያነሳው፤ ሌላ ቃል ከየት ያምጣ? «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፣ ቀጥል» ማለት እችል ነበር። ግን ቢቀጥል የሚመጣው ጊዜው ያለቀ ይወርዳል የሚለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጊዜው ያለቀው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ፈራሁ። ስለ እድሩ አልነበረም የፈራሁት።

«መጀመሪያ ያንን ማዕከል ማን እንደሚደግፈው ንገረን» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሳታውቅ ነው የእድራችንን ጉድ የምትነግራቸው?»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለመለየት ያስቸግራል። አንድ እናት ነበሩ፣ ባለፈው ዓመት ባለቤታቸውን የሸኘንላቸው፤ «ልጆቼ፣ እስቲ ይጨርስ፤ ሰው ሳይጨርስ ይፈረድበታል?» አሉ። «ሥርዓት ይከበር!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። እሳቸውም ተቀመጡ። ከእድሩ ይሰናበት የሚል ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እጅ አውጡ ያልኩት እኔ ነኝ። የቆጠርኩትም እኔ ነኝ፤ የሚቃወም ካለ ብዬ አልጠየቅሁም። ስንጨርስ ወረቀቶቹን በአራት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

ደብዳቤውን ቤቴ ሆኜ ጻፍኩ። ጸሐፊያችን ደርባን ሄዶ ስለነበር በእሱም ቦታ ፈረምኩ። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደውዬ ደብዳቤ አለህ አልኩት፤ መጣ። ሁልጊዜ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። የዚያን ቀን እንደ ደንበኛ በፍርግርጉ በኩል ቆመ። በቀዳዳው አሳልፌ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ከኋላው አንዲት ልጅ የስልክ ኤርታይም ልትገዛ መጥታ ነበር፤ ገለል ብሎ አሳለፋትና ተመልሶ ማንበቡን ቀጠለ።

«አንቱ አልከኝ?» አለ።

ደብዳቤ ነው፤ የእድር ደብዳቤ በአንቱ ነው የሚጻፈው። ይህን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

የመጨረሻውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ድምፁን አውጥቶ አነበበ፤ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ለእድሩ ዳኛ ማቅረብ ይችላሉ። መስመሯን ከድሮ ደብዳቤዎች ነው የገለበጥኳት፤ ስጽፋት አላሰብኩባትም።

«ለማን ነው የማቀርበው?»

«ለዳኛው» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ ቢስቅ እኔም እስቅ ነበር፣ በሩንም እከፍትለት ነበር ብዬ አስባለሁ። አልሳቀም። እስክሪብቶ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የፍርግርጉን ጠርዝ ተደግፎ በደብዳቤው ጀርባ አንድ መስመር ጻፈና በቀዳዳው መለሰልኝ። እስክሪብቶውንም አብሮ መለሰ።

ስለ ማዕከሉ አሁንም እጠረጥራለሁ። በብራምፎንቴን ሳልፍ ዘበኛው ይታየኛል፣ ሰው ሲገባ አያለሁ፣ የከፈቱት ምን ፈልገው እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም። እሱ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል ይሉኛል። ከጻካኔ ስልክ በተደወለ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት እሱ የሞተ ይመስለኛል። በዚያ ሰፈር ሱቅ ተዘረፈ ሲባል መጀመሪያ የማን ሱቅ ነው እላለሁ፣ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ጌታ ይመስገን ብዬ አፍራለሁ።

የጻፈው ይህ ነበር፤ «እኔ ብሞት ሬሳዬን ማን እንደሚያነሳው በጽሑፍ ይነገረኝ።» አምስት ወር ሆነው። ቅሬታ የሚያየው ዳኛው ነው፤ ዳኛው ደግሞ አሁንም እኔ ነኝ። መልስ አልሰጠሁትም።