የቀረው መልእክትና የሚስቱ ወንድም

በዓይን ክሊኒኩ ኮምፒውተሮቹን የሚከታተለውን ሰው ባልደረቦቹ «መርማሪው» ይሉታል። ለእሱ ቁልፍ ከጠፋ ሌባ ገብቷል፤ መብራት ከሄደ ሆን ተብሎ ነው። ለምን ሲባል «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላል።

የክሊኒኩ ድረ ገጽ ያለበት ሰርቨር በየጠዋቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቀጠሮ ላላቸው ሕመምተኞች የማስታወሻ መልእክት በስልካቸው ይልካል። ይህን መልእክት ላኪ ፕሮግራም የሠራው የመርማሪው ሚስት ወንድም ነው። ከእሱ በፊት እዚያው ወንበር ላይ ሲሠራ ቆይቶ ከክሊኒኩ ኃላፊ ጋር ተኳርፎ ለቀቀ።

አንድ ሰሞን መልእክቱ መቅረት ጀመረ። ዛሬ ይሄዳል፣ ነገ ይቀራል። ቀጠሮዋ ያለፈባት አንዲት እናት ዓይኗን በመሐረብ ይዛ ኮሪደሩ ላይ «ረሳችሁኝ እኮ» ስትል መርማሪው ሰማ። ወዲያው ጥርጣሬው አማቹ ላይ አረፈ፤ ቂም ይዞ የሄደ ሰው ምን አያደርግም?

የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ለወጠ። መልእክቱ ግን መቅረቱን አልተወም። «ሌላ በር ትቶ ነው የሄደው» አለ በሆዱ።

እሁድ አማቹ ለምሳ መጣ።

«ሰርቨሩ እንዴት ነው?» አለው።

«ለምን ጠየቅህ?» አለ መርማሪው አፍጥጦበት።

አማቹ ጉርሻውን ሳይጨርስ ተነሣ። በሩ ሲዘጋ ሚስቱ ወደ መርማሪው ዞረች።

«ወንድሜን ሌባ አደረግኸው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አፍህ ምንም አላለም። ዓይንህ ግን ብሏል።»

ሰኞ የአማቹን ዱካ ፍለጋ ወደ ድረ ገጹ ማን መቼ እንደገባ መረመረ። ዱካው የለም። ያገኘው ሌላ ነው፤ መልእክቱ በሄደባቸው ቀናት ሁሉ ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር በጠዋት የገባ ሰው አለ። ባልገባበት ቀን መልእክት የለም። ጥርጣሬው ዘሎ እንግዳ ተቀባይዋ ላይ ወጣ።

«ጠዋት ጠዋት ድረ ገጹን ትከፍቺያለሽ?»

«ድሮ በየቀኑ ነበር፣ የትኛው ሐኪም እንደሚገባ ለማየት። አሁን ሐኪሞቹ ራሳቸው ስለሚደውሉልኝ አንዳንዴ ብቻ። ይሄም ወንጀል ሆነ?»

ያን ጊዜ ገባው። መልእክት ላኪው ፕሮግራም የራሱ ሰዓት የለውም፤ በር ካልተንኳኳ እንደማይነቃ ዘበኛ፣ የሚነቃው ሰው ገጹን ሲከፍት ብቻ ነው። አርፍዶ ከነቃ ደግሞ ሰዓቱ አልፏል ብሎ መልእክቱን ይዘለዋል። መርማሪው ፕሮግራሙን ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር አሰረው። በማግስቱ ማንም ድረ ገጹን ሳይከፍት መልእክቱ ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ አልቀረም።

ለአማቹ ደወለ።

«ሰው ሲገባ ብቻ እንዲነቃ ያደረግኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። የያኔው ሰርቨር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስትረከበኝ ልነግርህ ስል፣ ምንም እንዳትነካ ብለህ ከክፍሉ አስወጣኸኝ።»

«ጠርጥሬህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ አማቹና ስልኩን ዘጋው።

ለጥቂት ጊዜ ቤታቸው አልመጣም። ሲመጣም እንደ ወትሮው አልቀለደም። እህቱ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለሌላው ስታቀብል ዋለች።