የተለቀሰለት ሾፌር

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ ባየሁ ቁጥር ሰኞ ጧት በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ አንድ ሰው ይዤ እተቻለሁ። ክፉው ሰው ሁልጊዜ ሱፍ ለባሽ ነው፣ ደጉ ሁልጊዜ በላብ የራሰ ነው፤ ገና ከበሩ ብቅ ሲሉ ማን እንደሚያጠፋና ማን እንደሚመክረው ይታወቃል። ፍቅረኞቹ ሲነጋገሩ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ዕድል የተሰጣቸው ይመስላሉ። የገበሬው ጋቢ ገና የሱቁ እጥፋት አልለቀቀውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የተዋናዮቹ ማነስ ነበር። ባለፈው እሑድ የሞተው ሰው በዚህ እሑድ ጢም ለጥፎ ይመጣል። «ቢያንስ አርባው እስኪወጣ አይታገሡም?» እል ነበር። ግጥም እጽፋለሁና ሰው አምኖ ያለቀሰበት ነገር እንዲህ በቀላሉ ሲፈርስ ያመኛል።

ቴሌቪዥኑ የሚኖረው በሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ በሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ነው። የክበቡ ኃላፊ ቁልፉን ከኪሳቸው ሲያወጡ ጫጫታው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከጣና ነፋስ ከተነሣ አንቴናው ይዞርና ምስሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ያን ጊዜ አንዱ ጎበዝ ወጥቶ ምሰሶውን ያቅፋል፤ እኛ ከውስጥ «ወደ ሐይቁ! ኧረ አለፍኸው! ተመለስ፣ ተመለስ!» እያልን እንጮኻለን።

ወደ ክበቡ የምሄደው ከቤቴ ባለቤት ጋር ነበር። ዓባይ ማዶ የተከራየሁበት ግቢ የእሳቸው ነው፤ ባላቸው ቄስ ነበሩ፣ ሞተውባቸዋል። እማማ እላቸዋለሁ። በሰፈሩ ሙሾ አውራጅ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ። ልቅሶ ቤት ሲጠሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይሄዳሉ፤ እኔም ከኋላ ተከትዬ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። የሟቹን ሥራ፣ አካሄዱን፣ የሚወደውን በሬ ሳይቀር በሁለት ስንኝ አስገብተው ሲያወጡት ድንጋይ ያለቅሳል። ግጥም የተማርሁት እዚያ ነው።

አንድ ልጅ ነበራቸው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ይሠራ የነበረ፣ ከሱ በፊትም በልጅነቱ ታንኳ የቀዘፈ፣ ሳቂታ ልጅ ነው ይላሉ። ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። መጀመሪያ ወሬው ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ እማማ ሙሾ ተዉ። ልቅሶ ቤት ይሄዳሉ፣ ጥግ ይዘው ዝም ብለው እንባቸውን ያፈስሳሉ። አንዷ ጎረቤት፣ «ምነው እመይቴ፣ ድምፅዎ የት ሄደ?» ብትላቸው፣ «መርዶ ያልመጣለት ልጅ አለኝ። አፌን ከከፈትሁ ለማን እንደማወጣው አላውቅም» አሏት።

ድራማ ግን ይወዳሉ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ለጥበቃ የቆመውን ወታደር «ልጄ፣ በረደህ?» ሳይሉ አያልፉም። ክበብ ውስጥም አፋቸው አያርፍም። እኔ ደራሲውን ስወቅስ እሳቸው የሚወቅሱት ሰዎቹን ነው። «ይቺ ልጅ አክስት የላትም? እሱን ሰውዬ ስትከተል ዝም ብለው ያዩዋታል?» ይላሉ። «ጸጥታ!» ይላሉ የክበቡ ኃላፊ። «እኔ ዝም ብልስ እሷ ልትሰማህ ነው?» ይመልሳሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

በዚያ እሑድ የታየው ድራማ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ፍንጭት ጥርሱ የሚያምር፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋ ሰው። ወደ አሰብ ሲወርድ መኪናው ተገለበጠና ሞተ። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ፋይል በብብቱ ይዞ እናቱ ቤት ገባና «እማማ፣ ልጅዎ ሞቷል» አላቸው።

«እንዴ!» አሉ የኔዋ እማማ። «መርዶ እንዲህ ነው? ሌሊት ሳይጠብቁ? ጎረቤት ሳይሰበስቡ? ብቻዋን?»

የድራማዋ እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ትከሻዋን ሁለት ጊዜ አንቀጠቀጠች። የሸክላ ሙዚቃ ጀመረ። በቃ፣ ይኸው ነበር ልቅሶው።

«ዝም ብለው ሊቀብሩት ነው?» አሉ እማማ። «ሰው የለውም?»

ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከቆመ ስንት ጊዜው የነበረ ድምፅ ወጣ፦

*ታንኳ ተመለሰ ቀዛፊ ሳይኖረው፤*
*ያን የሰው አደራ ማን ቤት አሳደረው?*

ሟቹ ሾፌር ነው። ታንኳ ከየት መጣ ብሎ የሳቀ ግን አልነበረም። ከፊት ወንበር ያለች ሴት ዋይ አለች፤ ከኋላ ሌላዋ ተቀበለቻት። ልጁ የሄደበት ብዙ ነበር በዚያ አዳራሽ። የክበቡ ኃላፊ ተነሡ፤ «ጸጥታ!» ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ሣጥኑ ሄደው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት።

ስንመለስ ድልድዩ መካከል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን አልሁ እኔ?»

«ለሾፌሩ ነው እማማ።»

«ሾፌር ታንኳ ምን ያደርግለታል?» የድልድዩን ብረት ያዙ። «መርዶ ሳይመጣ አለቀስሁለት። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ አይወጣም ልጄ፤ የሞት መጥሪያ ነው። በአፌ ገደልሁት።»

በዚያ ሳምንት እማማ አልተቀመጡም። መሬት ቢቀመጡ ኀዘን መቀመጥ ሊሆንባቸው ነው፤ መደቡ ላይ ቢቀመጡ ምንም ያላደረጉ መምሰል ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ ቆመው ዋሉ። የተጠረገውን ይጠርጋሉ፣ የታጠበውን ያጥባሉ፣ እህል ግን አይቀምሱም።

«እማማ፣ ተውኔት እኮ ነው» አልኋቸው። «ሰውዬው አልሞተም። ይኼኔ አዲስ አበባ ቤቱ ተኝቷል።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያ ዝም በል።»

ያን ሳምንት በሙሉ፣ ማሽኑ ሥር ቆሜ ክር ስቀጥል፣ አንድ ነገር እለምን ነበር፦ ስሰድበው የኖርሁት ጉድለት እውነት ይሁን፤ ተዋናይ ይጥፋ፤ ያንኑ ሰው ደግመው ያምጡት።

እሑድ ደረሰ። «አልሄድም» አሉ።

«እርስዎ ካልሄዱ እኔም አልሄድም። ካልሄድሁ ደግሞ ሰኞ የምተቸው አጣለሁ፤ ያመኛል።»

«የሐሜተኛ በሽታ» አሉ፤ ለኔ ብለው ግን ነጠላቸውን አነሡ። ወታደሩን ሲያልፉ አቀርቅረው ነበር፤ ምንም አላሉትም።

ድራማው ስለ አንድ እህል ደባቂ ነጋዴ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ሆዱ ላይ ትራስ ታስሮለታል፣ ከአፍንጫው ሥር የበግ ጸጉር የመሰለ ጢም ተለጥፎለታል። ጆሮውን አየሁ፣ አንገቱን አየሁ፤ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ነጋዴው ሠራተኛውን አስፈራርቶ ሲጨርስ ሳቀ። ዐይኑ ጠፋ።

እማማ ክንዴን ጨበጡ። «እሱ ነው።»

«ማን?»

«ጥርሱን እየው! ሾፌሩ! ያለቀስሁለት!»

እልልታቸው አዳራሹን ሰነጠቀው።

«እማማ፣ ለሱ እልል አይባልም!» አለ አንዱ ከኋላ። «እህል ደብቋል እኮ!»

«ይደብቅ! ይደብቅ እንጂ ይኑር!»

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ባለፈው እሑድ ዋይ ያለችው የፊት ወንበሯ ሴት እልልታውን ተቀበለች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ነጋዴው ጎተራውን በቆለፈ ቁጥር እልል፣ በሚዛን ባጭበረበረ ቁጥር እልል። የክበቡ ኃላፊ «ጸጥታ!» አሉ፤ ግን ፈገግታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ነበር። መጨረሻ ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ሲወስዱት ሌላ ጊዜ የሚያጨበጭበው አዳራሽ ዝም አለ።

«አሁን የት ሊያሳድሩት ነው?» አሉ እማማ ተጨንቀው።

«ለሚመጣው እሑድ ይፈቱታል።»

ድልድዩ ላይ ለወታደሩ፣ «ልጄ፣ በረደህ?» አሉት።

«አልበረደኝም እማማ።»

ቤት ስንደርስ ቀጥ ብለው ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እንጀራ አቀረብሁላቸው። አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልህ? ተች እንጂ።»

ድራማው ካየኋቸው ሁሉ የባሰ ነበር።

«ጢሙ አልተስማማውም» አልሁ።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ፣ ሌላ እየቆረሱ። «ሲመጣ ይላጨዋል።»